ልጅን ሊጠብቅ የወጣ ሕግ ልጅን ሲከስ

መንግሥታት የዜጎቻቸውን ጓዳ ለመፈተሽ ሲነሡ ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሁሉ «የልጆቻችሁ ደኅንነት» እንደሚለው ያለ አፍ የሚያዘጋ የለም። «ልጄ አይጠበቅ» የሚል ወላጅ ከወዴት ይገኛል? እኔም አልልም። ነገር ግን የጥበቃው ሥልጣን በማን እጅ እንደሚገባና እንዴት እንደሚሠራበት ታሪክን መጠየቅ ይገባናል። ለዚህም በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የተፈጸሙ ሁለት ጉዳዮችን አነሣለሁ። (ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ሕጉ። የአሜሪካ ምክር ቤት ልጆችን ለወሲብ ምስል መሥሪያ የሚያውሉ ሰዎችን የሚቀጣ ሕግ ያወጣው በ1977 ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1982 እንዲህ ያለው ምስል የመናገር ነፃነት ጥላ ሊያርፍበት እንደማይገባ ወሰነ። ምክንያቱም ምስሉ ሲሠራ ልጁ ይጎዳልና ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር። በዚያ ዘመን ካሜራው በጎልማሳው እጅ፣ ልጁም በካሜራው ፊት ነበሩ። አንሺውም፣ ተነሺውም፣ ላኪውም አንድ ልጅ የሚሆንበት ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበ ሕግ አውጪ ግን አልነበረም።

ያ ቀን በተንካኖክ ከተማ መጣ። በጥቅምት 2008 የትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተማሪዎችን ስልክ ነጥቀው ሲመለከቱ የልጃገረዶች ፎቶግራፎች አገኙ፤ ስልኮቹንም ለአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ለጆርጅ ስኩማኒክ አስረከቡ። ከምስሎቹ አንዱ ሁለት ልጃገረዶችን የውስጥ ልብስ እንደለበሱ ከማሳየት በቀር ሌላ ነገር አልነበረበትም። ዐቃቤ ሕጉ ግን በየካቲት 2009 ከ16 እስከ 20 ለሚሆኑ ተማሪዎች ወላጆች ደብዳቤ ጻፈ። ልጆቹ እርሱ ባዘጋጀው የማረሚያ ትምህርት ካልተመዘገቡ ይከሰሳሉ አለ። ክሱም በ1977ቱ ሕግ መንፈስ ልጆችን ከነጋዴ ለመከላከል የወጣው የግዛቱ ከባድ ወንጀል ነበር። ልጃገረዶቹ በትምህርቱ ጊዜ ድርጊታቸው ለምን ስሕተት እንደነበረ እንዲጽፉም ይጠበቅባቸው ነበር። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሏል ይህ ነው! ምስሉን ያሰራጨው ቀርቶ በምስሉ ላይ የታየችው ልጅ ተከሳሽ ልትሆን ተቃረበች።

ብዙዎቹ ወላጆች ተስማሙ፤ የሦስት ልጃገረዶች ቤተሰቦች ግን እንቢ አሉ። ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰዱት። ዳኛ ጄምስ መንሊ በመጋቢት 2009 ክሱን አገዱ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2010 እገዳውን አጸና። ልጅን ያላመነችበትን እንድትጽፍ በክስ ማስፈራራት እንደማይገባ፣ ልጅን የማሳደግ መብትም የወላጅ እንጂ የዐቃቤ ሕግ እንዳልሆነ ተናገረ። በዚህ መካከል፣ በኅዳር 2009 በተደረገው ምርጫ፣ ስኩማኒክ ወንበሩን አጥቶ ነበር።

በዚያው ግዛት፣ በፊላደልፊያ አቅራቢያ፣ የሎወር ሜሪየን ትምህርት ቤቶች ወደ 2,300 ለሚጠጉ ተማሪዎች ላፕቶፕ ሰጥተዋል። በላፕቶፖቹ ላይ የጠፋ ወይም የተሰረቀ መሣሪያ ለመፈለግ የሚያገለግል፣ ካሜራውን ከሩቅ የሚከፍት ፕሮግራም ተጭኖ ነበር። ለተማሪውም ለወላጁም የነገረ አልነበረም። አንድ ተማሪ በመኝታ ቤቱ ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍ በትምህርት ቤቱ ኃላፊ ፊት ሲቀርብበት ነገሩ ወጣ፤ በየካቲት 2010 ክስ ተመሠረተ። በምርመራው ከ50 ሺህ በላይ ምስሎች ተገኙ። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ሐሳብ አላገኘሁም ብሎ ክስ ሳይመሠርት ቀረ፤ አስተዳደሩም በጥቅምት 2010 በ610 ሺህ ዶላር ጉዳዩን በስምምነት ዘጋ።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። ልጆች ያነሡት ፎቶግራፍ የወንጀል ክስ ማስፈራሪያ አስከተለባቸው፤ ጎልማሶች ልጆቹ ሳያውቁ፣ በገዛ ቤታቸው ያነሷቸው ምስሎች ግን በገንዘብ አለቁ። በሁለቱም ስፍራ የተጠራው የልጁ ወይም የንብረቱ ጥበቃ ነው፤ በሁለቱም ስፍራ የተጎዳው ልጁ ነው። ፔንስልቬንያ ለወጣቶች ቀለል ያለ ቅጣት ያለው የተለየ ሕግ ያወጣችው በ2012 ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2016 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ከብልግና ምስል የሚከላከል አንቀጽ አለው። በዚያው አዋጅ የአገልግሎት ሰጪዎች መረጃ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ፣ አስቸኳይ ሲሆን ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይቀድም ግንኙነት እንዲጠለፍ የሚፈቅዱ ድንጋጌዎች ተቀምጠዋል። ልጁን የሚጠብቀውና ጓዳውን የሚከፍተው ሥልጣን በአንድ ጥራዝ ታሰሩ።

የተንካኖክ ልጆች የዳኑት በባለሥልጣን ቸርነት አይደለም። እንቢ ያለ ወላጅ፣ አቤቱታ የሚሰማ ነፃ ዳኛና ሹሙን የሚያወርድ መራጭ ስለነበሩ ነው። ስለዚህ «ለልጆቻችሁ» ተብሎ ሕግ ሲቀርብልን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ስልኩን ማን ይከፍታል? በማን ፈቃድ? ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? መልስ ከሌለ፣ ልጆቻችንን ያስረከብነው ለጠባቂ ሳይሆን ለጌታ ነው።