የሴባስቶፖል ጉዞና የሰበቃ ነገር



የመስጂዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ከታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቀኝ የመድረሳ ልጆቻችን ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከልደታ ብዙም በማይርቀው በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን መድፍ ምሳሌ ያዩ ልጆች «ይህን የሚያክል ብረት ያለ መኪና እንዴት ተራራ ወጣ?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ «በአፄ ቴዎድሮስ ወኔ» የሚል ነው። ወኔውን አልክድም፤ ነገር ግን ወኔ ብቻውን መድፍ አይጎትትም።

መድፉ የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ በንጉሡ ትእዛዝ በአውሮፓውያን የሚሲዮን ባለሙያዎች እጅ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው፤ 70 ጆንያ ጤፍ በአንድ ጋሪ ላይ ተጭኖ ማሰብ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ (ጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ.) ጉዞው ከደብረ ታቦር ተጀመረ። መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። በቀጥታ ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ለሆነ ርቀት ስድስት ወር ገደማ ፈጀ ማለት ነው።

ምን ያዘው? የጥንቱ ግሪካዊ አርስጣጣሊስ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ነገር የሚንቀሳቀሰው የሚያንቀሳቅሰው እስካልተለየው ድረስ ነው፣ ገፊው ሲተው ይቆማል ባለ ነበር። ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) ግን በዚህ አልረካም። «ኪታቡ ሺፋእ» በተባለው ታላቅ ሥራው፣ የተወረወረ ነገር ከወርዋሪው «መይል» ማለትም ዝንባሌ ይቀበላል፣ ይህም የሚቃወመው ነገር እስኪያሸንፈው አብሮት ይቆያል ብሎ አስተማረ። የሚቃወመው ከሌለ ማቆሚያ አይኖረውም። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፦ ኢብኑ ሲና ይህን ያለው ባዶ ቦታ ሊኖር አይችልም ለማለት ነው እንጂ የኒውተንን ሕግ ለመጻፍ አይደለም። የኒውተን መጽሐፍ የወጣው በ1687 እ.ኤ.አ. ነው። አንዳንድ ወንድሞች «ሁሉም የእኛ ነበር» ሲሉ አልወድም፤ የኡለማዎቻችን ክብር ያለ ማጋነንም ይበቃል።

እንግዲህ መድፉን የያዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ሰበቃ፣ በትምህርት ቤት ፍሪክሽን ያልነው፣ ሁለተኛው ዳገት። እንዲህ ያለ ብረት ያለ መንኮራኩር በአፈር ላይ ቢጎተት ሰበቃው የክብደቱን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 35 ኩንታል ሊደርስ ይችላል። መንኮራኩር ይህን በብዙ ያቃልለዋል፤ ምክንያቱም መሬቱ ላይ ይንከባለላል እንጂ አይንሸራተትም። ነገር ግን ለስላሳ አፈር ላይ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ላይ ይያዛል። ስለዚህ መንገድ ከመድፉ ቀድሞ መጠረግ ነበረበት፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ተጽፏል።

ዳገቱን ደግሞ በቁጥር እንየው። መንገዱ በየአራት ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ የሚል ቢሆን፣ ሰበቃ ፈጽሞ ባይኖር እንኳ መድፉን እንዳይመለስ ለመያዝ ብቻ የክብደቱ ሩብ፣ 17 ኩንታል ተኩል ኃይል ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሳያርፍ 20 ኪሎ ያህል ቢስብ ለዳገቱ ብቻ 90 ሰው ገደማ ሊሆን ነው። ሰበቃው ሲጨመር ቁጥሩ ይንራል፤ የቆመውን ማስነሳት ደግሞ የሚሄደውን ከማስኬድ ይከብዳል፤ የተበላሸ ታክሲ የገፋ ሁሉ ያውቀዋል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ገመድ ላይ የተሰለፉት ለዚህ ነው።

ሰበቃ ግን ጠላት ብቻ አይደለም። የጎታቹ እግር መሬቱን የሚቆነጥጠው በሰበቃ ነው፤ ጭቃ ላይ ያዳለጠው ሰው ክንዱ ምንም ቢጠነክር አይጠቅምም። ከሁሉም የሚከፋው ቁልቁለቱ ነበር። የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ሜትር ያህል ይዘልቃሉ። እዚያ ላይ ሲወጡ ወዳጅ የነበረው መንኮራኩር ከዳተኛ ይሆናል፤ ሰዎቹም ከኋላ ሆነው ገመዱን ወደ ላይ መያዝ ነበረባቸው። ታሪካችን ሽቅብ የጎተቱትን ሲያነሳ ቁልቁል የያዙትን ይረሳል። የማናቸውም ስም አልተጻፈም።

በዚያው በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ አረፈ። ጄኔራል ናፒየር የሚጓዝበት መንገድ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነበር። እርሱ ግን ከሰበቃ ጋር ብዙ አልታገለም። በሜዳው ላይ ከዙላ ወደ ኩማይሌ ሐዲድ ዘረጋ፤ ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው እጅግ ትንሽ ነውና። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በልደታ የሚያልፈው ባቡርም በዚሁ ጥበብ ነው የሚሄደው። ከተራራው በኋላ ደግሞ ትንንሾቹን መድፎች ፈታትቶ በበቅሎ፣ ትልልቆቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጫነ። የተሸከሙት ነገር መሬት አይታከክም።

መቅደላ የወሎ አምባ እንደነበረች ልብ በሉ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 እ.ኤ.አ. ከያዟት ወዲህ የወሎ ሙስሊም ያየው መከራ ቀላል አይደለም። የወሎዋ ገዥ ወርቂት ልጇን ያጣችው እዚያው አምባ ላይ ነው። ከወሎ የመጡ አባቶቻችን ስለ ሴባስቶፖል ሲወራ ዝም የሚሉት ስለማያውቁ አይደለም። ልጆቻችን ጥበቡንም መከራውንም አብረው ቢሰሙ ይሻላል እላለሁ።

ሚያዝያ 10 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. በእሮጌ ውጊያ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ሞቱ። እንግሊዞች የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋይ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ። ሴባስቶፖልን ግን አላነሱትም። እስከ ዛሬ እዚያው አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል።

ወላሁ አዕለም።