ስለ ባለ እጅ ክብርና ስለ አገር ልማት

የአገር ሀብት በመሬት ስፋትና በዝናም ብዛት ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን መሬት ለሚያውቃት ትሰጣለች እንጂ ለማያውቃት አትሰጥም፤ ስለዚህ የሀብት ሁሉ መጀመሪያ የሠለጠነ ሰው ነው። ይህንንም ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከደብረ ሲና አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ እየተመለከቱ ያለፈውን ዘመን ማሰብ ይበቃል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.) ከአንኮበር በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከታጁራ ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት ነበር። በዚያ አገር የሚኖሩት አርጎቦች በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በአገራችን ሰው ሁሉ ሸማውን ለብሶ ሲከበር ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ይለው ነበር፤ በቀጥቃጩ ማረሻ እያረሰ ቀጥቃጩን «ቡዳ» ይለው ነበር።

በዚሁ ንጉሥ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለ እጅ በአንኮበር አጠገብ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠራ። ወፍጮውም ፈጨ። ነገር ግን ተጓዦች እንደ ጻፉት ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉ ተተወ፤ ሴቶችም ሌሊት እየተነሡ በድንጋይ መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ይህን የምናነሣው አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም። እነዚያው አባቶች ተማሪውን ከንባብ እስከ ዜማ፣ ከቅኔ እስከ ትርጓሜ መጻሕፍት ብዙ ዓመት በትዕግሥት አስተምረው ሊቅ ማድረግን ያውቁ ነበር። የጎደለው ያንኑ ትዕግሥትና ያንኑ ክብር ለእጅ ሥራም መስጠት ነው።

ይህንን ጉድለት የተረዱት ዳግማዊ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ፤ ስድቡንም በራሳቸው ላይ እንደ ተነገረ ቈጠሩት። ሆኖም የቆየ ልማድ በአንድ አዋጅ ተነቅሎ አይወድቅም።

ከዚያ በኋላ በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የጣርማ በር ተራራ ተበስቶ የመኪና መንገድ ደጋውን ከቆላው አገናኘ። መንገድ ግን እህልን ያመላልሳል እንጂ ዕውቀትን አይዘራም። ዕውቀትን የሚዘራ ሰው ማሠልጠን በሰፊው የተጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ይኸውም ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ በ25 የግብርና ማሠልጠኛ ኮሌጆች ከ60 ሺህ የሚበልጡ የልማት ሠራተኞች ሲሠለጥኑ ነው። ለየቀበሌውም ሦስት ባለሙያ ታሰበለት፤ አንዱ ለአዝመራ፣ አንዱ ለከብት፣ አንዱም ለአፈርና ለውሃ ጥበቃ።

ዛሬ በሸዋ ሮቢት ሜዳ ሽንኩርት በመስኖ ይለማል፤ ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ማሾም ይዘራል። ይህን ሥራ የሚያስተምረው ወጣት ግን ከተማ መግባት ተስኖት በቆላ የቀረ ተደርጎ ሲታይ የጥንቱ ስድብ ስሙን ለውጦ ተመልሷል ማለት ነው። የማይከበር ባለሙያም መውጫ መንገድ ሲፈልግ ይኖራል፤ የተማረውን ይዞ ሲሄድ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ማሠልጠን የመንግሥት ሥራ ነው፤ የሠለጠነውን ማክበር ግን ከእያንዳንዳችን ቤት ይጀምራል። ልጁ አናጢ ወይም የእርሻ ባለሙያ ልሁን ሲለው አባት የሚመልስለት ቃል ለአገር ሀብት ከማሠልጠኛው ቤት የሚያንስ ጥቅም የለውም።