የነርቭ ጥገና ቀዶ ሕክምና፦ የሕመም ኮድ አሰጣጥና የጤና መድን ክፍያ

የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ንፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በአካባቢው አንድ አርሶ አደር በአጨዳ ወቅት የእጁን አንጓ ማጭድ ቢቆርጠው፣ ቁስሉ እዚያው ታጥቦ ሊሰፋ ይችላል። የተበጠሰን ነርቭ መጋጠም ግን ልዩ ሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ ታካሚው በሪፈራል ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሊላክ ይገባል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ የተጀመረ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዱ በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የፎገራ ወረዳ ነበር። በአሠራሩ መሠረት አባላት ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የጤና ተቋሙም ለሰጠው አገልግሎት የክፍያ ጥያቄውን በዝርዝር ለመድኑ ያቀርባል።

በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ ክለሳ የነርቭ ጉዳት የሚመደበው በደረሰበት የአካል ክፍል ነው። የላይኛው ክንድ ኤስ44፣ የታችኛው ክንድ ኤስ54፣ የእጅ አንጓና መዳፍ ደግሞ ኤስ64 ይሰጣቸዋል። በአንጓ ላይ የአልናር ነርቭ ጉዳት ኤስ64.0፣ የሚዲያን ነርቭ ጉዳት ኤስ64.1 ተብሎ ይመዘገባል። መዝጋቢው የአንጓና የመዳፍ ክፍት ቁስል መለያ የሆነውን ኤስ61ን ብቻ ከጻፈ የነርቩ ጉዳት በሰነዱ ላይ አይታይም፤ የቀዶ ሕክምናው ሂሳብም ከምርመራው ውጤት ጋር ስለማይጣጣም በኦዲት ወቅት ጥያቄ ያስነሳል።

የጉዳቱን መንስኤ የሚገልጸው ኮድም እንዲሁ መታለፍ የለበትም። ጉዳቱ የደረሰው በተሽከርካሪ አደጋ ከሆነ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ ስለሚመለከተው፣ ወጪውን የሚሸፍነው አካል ሊለይ ይችላል።

ምደባው የሚገልጸው ሕመሙን እንጂ የተሠራውን ቀዶ ሕክምና አይደለም። በአሜሪካ ለቀዶ ሕክምና የተለየ የኮድ ሥርዓት ያለ ሲሆን፣ አንድ የጣት ነርቭ ሲጠገን 64831፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ነርቭ ደግሞ 64832 ይሞላል። እንዲህ ያለ ኮድ በማይሠራበት ተቋም የቀዶ ሐኪሙ ማስታወሻ የነርቮቹን ስምና ብዛት፣ የቀኝ ወይም የግራ መሆናቸውን፣ ጥገናው በቀጥታ መስፋት ወይም ከሌላ ቦታ በተወሰደ ነርቭ መከናወኑን መግለጽ ይኖርበታል።

የተጠገነ ነርቭ በቀን በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል፤ ጥገናው በዘገየ ቁጥርም የጡንቻው የማገገም ዕድል ይቀንሳል። ስለሆነም የነርቩን ጉዳት በግልጽ የሚያሳይ የሪፈራል ወረቀት ለሆስፒታሉ የሂሳብ ማስረጃ፣ ለአርሶ አደሩም የእጁ ዋስትና ነው።