ዲጂታል መታወቂያ፣ የግል ሕይወት መብት እና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት በመውረድ ኮምቦልቻ የሚያደርሰው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኖሪያውን ከአንደኛው ከተማ ወደ ሌላው የሚያዛውር ሰው ግን በቀበሌ መታወቂያ አሠራር ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ አጽፎ በአዲሱ ቀበሌ እንደገና መመዝገብ ይጠበቅበታል። የቀበሌ መታወቂያ ከሰውየው ይልቅ ከመኖሪያ ቦታው ጋር የተሳሰረ ማስረጃ በመሆኑ ነው። ፋይዳ በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ይህንን ትስስር ይለውጣል፤ ቁጥሩ ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል። በዚሁ ምክንያት መንግሥት በቁጥሩ አማካይነት ስለ ግለሰቡ ምን ማወቅ እንደሚችልና ምን ማወቅ እንደማይችል ለይቶ መረዳት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ በሥራ ላይ ያሉትን ሕጎች መሠረት በማድረግ ጉዳዩን ያብራራል።

ከቀበሌ መታወቂያ ወደ ፋይዳ

ቀበሌዎች የተቋቋሙት የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት በተደራጁት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ነው። የቀበሌ መታወቂያ በአገር አቀፍ ደረጃ ወጥ መለያ ቁጥር ስላልነበረው አንድ ሰው ከአንድ በላይ መታወቂያ የሚይዝበት ዕድል ነበር። በአንዳንድ አካባቢዎችም የባለመታወቂያው ብሔር በካርዱ ላይ ይጻፍ ነበር።

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ልዩ ቁጥር እንዲሰጥ ደንግጓል። ፋይዳ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን ለአገሪቱ ነዋሪዎች የሚሰጥ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ የውጭ አገር ዜጎችም ሊያገኙት ስለሚችሉ ቁጥሩ በራሱ የኢትዮጵያዊ ዜግነት ማስረጃ አይሆንም።

የሚሰበሰበው መረጃ

በምዝገባ ወቅት የሚወሰዱት ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ፆታ፣ አድራሻ፣ የፊት ፎቶግራፍ፣ የአሥር ጣቶች አሻራ እና የሁለቱ ዓይኖች አይሪስ ምስል ናቸው። ብሔርና ሃይማኖት አይመዘገቡም።

የሰነድ ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብ ይችላል። ይህ አሠራር ለደቡብ ወሎ ነዋሪዎች ልዩ ትርጉም አለው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበረበት ጊዜ በርካታ ቤተሰቦች መኖሪያቸውን ጥለው ተሰደዋል። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ማንነቱ አልጠፋበትም፤ ሕጉም ሊያስተናግደው የሚገባው በዚሁ መንፈስ ነው።

ምዝገባው ግዴታ ነውን?

አዋጁ መመዝገብን የነዋሪው መብት አድርጎ ይመለከተዋል። በተግባር ግን አገልግሎት ሰጪ ተቋማትና ተቆጣጣሪዎቻቸው ፋይዳን ቅድመ ሁኔታ እያደረጉት መጥተዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ እንዲቀርብ አድርጓል፤ አሠራሩ ወደ ሌሎች ከተሞችም ደረጃ በደረጃ እንዲሰፋ ታቅዶ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ለማግኘት ከገጠር ወረዳ የምትመጣ ወጣት ደመወዟ በባንክ የሚከፈላት ከሆነ ሒሳብ መክፈት ይኖርባታል። ፋይዳ የሒሳብ መክፈቻ ቅድመ ሁኔታ በሆነበት ቦታ መመዝገብ ለእርሷ በሕግ አነጋገር መብት ቢሆንም በኑሮ ረገድ ግዴታ ይሆንባታል። ምርጫው በጠበበ መጠን መረጃውን በሚይዘው አካል ላይ የሚጣለው ኃላፊነት የበለጠ ይከብዳል።

ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ወሰን

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ያረጋግጣል። በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችም በዚሁ አንቀጽ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል። መብቱን መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ገደቡ በዝርዝር ሕግ ሲደነገግ እንዲሁም ዓላማው አንቀጹ ከዘረዘራቸው እንደ ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን መከላከል፣ ጤናና የሌሎች መብት ካሉት አንዱ ሲሆን ነው። የአሠራር ምቾት ወይም የአንድ ኃላፊ ፍላጎት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አንቀጽ 13 ይህንን መብት የማክበርና የማስከበር ግዴታን በፌዴራልም ሆነ በክልል በማናቸውም ደረጃ በሚገኙ የመንግሥት አካላት ላይ ይጥላል። ስለዚህ የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ሆነ የደሴ ከተማ ቀበሌ በዚሁ ግዴታ ሥር ናቸው።

መብቱን በዝርዝር የሚያስፈጽመው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁ የባዮሜትሪክ መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል ያካትታል፤ የቁጥጥር ሥልጣኑንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሰጣል። ይህ ሕግ የመጣው ከመታወቂያው አዋጅ አንድ ዓመት በኋላ በመሆኑ ተቋማት ቀደም ብለው የዘረጓቸውን አሠራሮች ከእርሱ ጋር ማጣጣም ይኖርባቸዋል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዳር የተባለው መታወቂያ ለመንግሥት ድጎማና ለግብር እንዲያገለግል ፈቅዶ፣ ለባንክ ሒሳብና ለሞባይል ስልክ ግዴታ መሆኑን ግን ሽሯል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ለሁዱማ ናምባ የዘረመል መረጃ መሰብሰብን ከልክሏል፤ በ2021 ደግሞ የካርዱ ሥርጭት የዳታ ጥበቃ ተጽዕኖ ግምገማ ሳይቀድመው በመጀመሩ ሕገ ወጥ ነው ብሏል። በሁለቱም አገሮች መታወቂያው በራሱ አልተነቀፈም፤ የተመዘነው ለምን ዓላማና በምን ሥርዓት እንደዋለ ነው።

ተገልጋዩ ሊጠይቅ የሚችለው

1. የሕግ መሠረት፦ ፋይዳ ካልቀረበ አገልግሎት አይሰጥም የተባለ ተገልጋይ በየትኛው አዋጅ ወይም መመሪያ እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ያልተመዘገበና ለሕዝብ ይፋ ያልሆነ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

2. ዓላማ፦ መረጃው ለምን እንደሚፈለግ ሊነገረው ይገባል። ለአንድ ዓላማ የተሰጠ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ሕግ ለሌላ ዓላማ አይውልም።

3. እርማት፦ «ሙሐመድ» እና «መሐመድ»፣ «ሰዒድ» እና «ሰይድ» ተብለው በተለያዩ ሰነዶች የተጻፉ ስሞች በወሎ የተለመዱ ናቸው። ሥርዓቱ እንደ ሁለት ሰው እንዳያያቸው ባለቤቱ መረጃውን የማየትና የማስተካከል መብት አለው።

4. ጥንቃቄ፦ ወደ ስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ቁጥር ለደላላም ሆነ ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሲጠየቅ ለምን እንደሚያዝ ማጣራት ተገቢ ነው።

5. አቤቱታ፦ ቅሬታ በቅድሚያ ለተቋሙ፣ መፍትሔ ካልተገኘ የግል ዳታን በሚመለከት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ የአስተዳደር በደልን በሚመለከት ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 መሠረትም በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ማቅረብ የማንኛውም ሰው መብት ነው። ሕገ መንግሥታዊ ትርጉም የሚያስፈልገው ጥያቄ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይደርሳል።

መታወቂያ ሰው ማንነቱን እንዲያስረዳ ያግዘዋል። ከዚያ አልፎ ስለ ኑሮው የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ የራሱ የሕግ መሠረት ያስፈልገዋል፤ ያንን መሠረት የማሳየት ግዴታም የጠያቂው መሥሪያ ቤት ነው።