በድንኳን ለሚያድሩ፦ ከብርዱ ይልቅ ከሰሉን ይፍሩ

ከአሊዩ አምባና ከሸዋ ሮቢት ወደ አንኮበርና ደብረ ብርሃን ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወይም ለንግድ የሚወጣ ሰው በድንኳን የሚያድርበት ጊዜ አለ። መንገዱ አሮጌ ነው፤ አሊዩ አምባ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። በ1841 (እ.ኤ.አ.) በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድንም ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የወጣው በዚሁ በኩል ነው።

ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል። ቆላ ላይ ነፋስ እንዲገባ ከግርጌው የሚገለጠው ሸራ፣ ደጋ ላይ መሬት ድረስ ይወርድና ጠርዙ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። ከዚያ የከሰል ማንደጃ ይገባል። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ብዙዎች «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል» ብለው ይተኛሉ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ የሚታየው ጭስ ቢያልቅም ፍሙ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይሞታል። ለቡና ወይም ለዕጣን የገባው ፍምም ያው ነው። ትንሽ ቀዳዳ መተውም ዋስትና አይሆንም።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በምንተኛበት ጊዜ እሳት በቤታችን እንዳንተው ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ለሚያድርበት ሰው ድንኳንም ቤቱ ነው።

ታዲያ በምን ይሞቃል? በመጀመሪያ ከሥር። መሬት የሰውን ሙቀት ይስባል፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ በሰሌን ብቻ የተኛ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ላስቲክ አንጥፎ፣ በላዩ ደረቅ ጭድ ወይም ካርቶን ደርድሮ፣ ከዚያ ፍራሽ ማድረግ ይሻላል። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ቁልቁል ስለሚወርድ የድንኳኑ በር ወደ ቁልቁለቱ ይዙር። ከመኝታ በፊት እርጥብ ልብስና ካልሲ ይቀየር፣ ራስም ይሸፈን። ሞቅ ያለ ውሃ በትንሽ ጀሪካን ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስቀመጥም ይረዳል። እሳት መሞቅ የፈለገ ውጭ ይሙቅ፤ ማንደጃውም እዚያው ይደር።

በደብረ ብርሃን መጠለያዎች ለከረሙት ተፈናቃዮች ነገሩ የአንድ ሌሊት ጉዳይ አይደለም። ለእነሱ ሶደቃ ያሰበ ሰው ከከሰል ይልቅ ፍራሽና ብርድ ልብስ ቢያስቀድም ይመረጣል።

በአንድ ድንኳን ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው በብርድ ወይም በምግብ አያሳብቡ። ሸራው ይገለጥ፤ ሁሉም፣ በተለይ የተኙት፣ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ራሱን የሳተ ካለ በቀይ መስቀል 907 አምቡላንስ ይጠራ። ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ውሃ በአፉ አይሰጥም፣ ሊያንቀው ይችላል። የተሻለው ሰውም ቢሆን ጤና ተቋም ሄዶ ይታይ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ግን ሕመሙ ቀላል ቢመስልም ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር አለባቸው።