ከኡጋሊ እስከ ቻይ፦ የናይሮቢ ብስክሌተኞች ምን ይበላሉ? ምንስ ይጠጣሉ?

በኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ፣ የመኪናው ግርግር ሳይበረታ በማለዳ የሚነሡ ብስክሌተኞች ወደ ንጎንግ ኮረብቶች፣ ወደ ካሩራ ደን ወይም ወደ ሊሙሩ የሻይ ማሳዎች ያቀናሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ሊሙሩ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ይህን ዳገት ለመውጣት የሠለጠነ እግር ብቻ አይበቃም፤ የሚያቃጥለው ነዳጅም ያስፈልገዋል።

የብስክሌተኞች አመጋገብ ሲነሣ ቀድመው የሚታሰቡት በትንንሽ እሽግ የሚሸጡት ጣፋጭ ጄሎችና ከውጭ የሚገቡ ዱቄቶች ናቸው። እነዚህ ምርቶች በዋናነት የሚሰጡት ግን ካርቦሃይድሬት ነው። ይኸው ካርቦሃይድሬት በናይሮቢ መንገዶች ዳር፣ “ኪባንዳ” በሚባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች፣ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ልዩነት የሚያመጣው የሚበላበት ሰዓትና መጠን ነው።

ጉልበት ለምን ይከዳል?

ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ካርቦሃይድሬት ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጡንቻና በጉበት ያከማቻል። ክምችቱ በአዋቂ ሰው ከ500 ግራም እምብዛም የማይርቅ ሲሆን፣ ሁለት ሰዓት ገደማ በሚዘልቅ ብርቱ ግልቢያ ሊሟጠጥ ይችላል። ያን ጊዜ እግር ይዝላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩረትም ይበተናል። ከሊሙሩ ወደ ማይ ማሂዩ በሚወርደው፣ ከባድ መኪኖች በሚበዙበት ቁልቁለት ላይ ትኩረት ማጣት የሕይወት ጉዳይ ነው።

እአአ በ2004 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት የ10 ታዋቂ ኬንያውያን ሯጮችን ምግብ መዝኖ፣ ከሚያገኙት ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አሳይቷል። ዋና ምንጮቹም ኡጋሊ፣ ስኳር፣ ሩዝና ወተት ነበሩ። ጥናቱ የተደረገው በሯጮች ላይ ቢሆንም፣ ለረጅም ሰዓት ለሚጋልብ ብስክሌተኛም ትምህርት ይሰጣል።

ከጉዞ በፊት

የማለዳው ተመራጭ “ኡጂ” ነው። ከበቆሎ፣ ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ዱቄት የሚዘጋጅ ቀጭን ገንፎ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያውያን አጥሚትን ያስታውሳል። ከጎኑ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም “ንዱማ” የሚባለው ጎደሬ ይቀርባል። “ቻይ” ደግሞ ቅጠሉ ከውሃና ከወተት ጋር አብሮ የሚፈላ፣ ስኳር የማይሰሰትበት ሻይ ነው። ከ“ማንዳዚ” ማለትም በዘይት ከተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ ጋር ሲሆን የብዙዎች ቁርስ ነው።

ከባድ ምግብ ከጉዞ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቢበላ ይመረጣል። ባቄላና ጎመን የመሳሰሉት አሰር የበዛባቸው ምግቦች ለጤና ጠቃሚ ቢሆኑም፣ በግልቢያ ሰዓት ሆድን ሊያስጨንቁ ስለሚችሉ ከጉዞ መልስ ቢበሉ ይሻላል።

በጉዞ ላይ

የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚዘልቅ ጉዞ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመክራሉ። ከሁለት ሰዓት ተኩል ለሚበልጥ ብርቱ ጉዞ መጠኑ እስከ 90 ግራም ሊደርስ ይችላል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ ይሰጣል። ተጠቅልሎ በሹራብ የኋላ ኪስ የሚገባ ቻፓቲም እንደ ሙዝ ሁሉ ምቹ ስንቅ ነው። ግማሽ ሊትር ኮላ 50 ግራም ያህል ስኳር ስላለው፣ ጉልበት መክዳት ሲጀምር ፈጥኖ ይደርሳል፤ የዘወትር መጠጥ ማድረጉ ግን ለጥርስም ለጤናም አይበጅም።

የስፖርት መጠጥ ቤት ውስጥ ማዘጋጀትም ይቻላል፦ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 60 ግራም ያህል ስኳርና ቁንጥር ጨው መበጥበጥ በቂ ነው። ናይሮቢ በተለያዩ ጊዜያት ኮሌራ የተከሰተባት ከተማ በመሆኗ፣ የታሸገ ወይም የፈላ ውሃ መያዝ ተገቢ ነው። ይሁንና ከጥማት በላይ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት የደምን የጨው መጠን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል።

ከጉዞ መልስ

አሁን ተራው የኡጋሊ ነው። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ይህ ጠንካራ ገንፎ “ሱኩማ ዊኪ” ከሚባል ጎመን ጋር ይበላል። የጎመኑ ስም በስዋሂሊ “ሳምንቱን ግፋ” ማለት ሲሆን፣ ደመወዝ እስኪደርስ ቤተሰብን የሚያሻግር ርካሽ ምግብ መሆኑን ይናገራል። ከበቆሎና ከባቄላ የሚቀቀለው “ጊዜሪ” ንፍሯችንን ይመስላል፤ ካርቦሃይድሬትንም ፕሮቲንንም ይሰጣል። “ማላ” የሚባለው እርጎ ፕሮቲንና ፈሳሽ ይጨምራል።

“ኛማ ቾማ” የተሰኘው የፍየል ወይም የበሬ ጥብስ የወዳጆች መሰባሰቢያ ነው። ሥጋው ጡንቻን ለመጠገን ቢረዳም ያለቀውን ግላይኮጅን አይተካም፤ ስለዚህ ከጎኑ ኡጋሊው ሊጎድል አይገባም።

ታላላቅ ብስክሌተኞችም በዚሁ አካባቢ አድገዋል። ቱር ደ ፍራንስን አራት ጊዜ ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም የተወለደው እአአ በ1985 በናይሮቢ ሲሆን፣ በልጅነቱ የሠለጠነው ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ኪኩዩ በኬንያዊው ዴቪድ ኪንጃ ሥር ነው።

ትልቁ አደጋ በቂ አለመብላት ነው

ዳገት ለመውጣት ክብደት መቀነስ ይጠቅማል በሚል ምግብ የሚቀንሱ ብስክሌተኞች አሉ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እአአ በ2014 ባወጣው የባለሙያዎች ሰነድ፣ ከሚያወጡት ኃይል አንጻር ጥቂት የሚመገቡ ስፖርተኞች አጥንታቸው እንደሚሳሳ፣ የበሽታ መከላከል አቅማቸው እንደሚዳከም፣ የሴቶች የወር አበባም ሊቋረጥ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ዳቦና ውሃ ጭነው ቀኑን ሙሉ የሚገፉ የናይሮቢ ባለብስክሌቶችም የሚያቃጥሉት ኃይል ከስፖርተኛው አይተናነስም።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ የመንገደኛ ስንቅ ሆነው የኖሩት፣ ሳይበላሹ ርቀው የሚሄዱና ጉልበት የሚሰጡ በመሆናቸው ነው። በጾም ወቅትም በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ሙዝና ንፍሮ ከአንድ ዳገት ወደ ሌላው ያሻግራሉ።