የሆቴል ክፍል ፍተሻ የሚጠብቀው ማንን ነው?

አሶሳ አልጋ ይዤ ባደርኩበት ምሽት፣ 5 ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። «ፍተሻ ነው፣ ክፈት!» የሆቴሉ ጥበቃና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ቆመዋል። ከየት እንደመጣሁና ስንት ቀን እንደምቆይ ጠየቁኝ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ልጭን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ሲቪል የለበሰው መታወቂያዬን በገዛ ስልኩ ፎቶ አነሳና «በል ደህና እደር» ብሎኝ ሄደ። ቦርሳዬ አልጋው አጠገብ ነበር። ማንም አልነካውም።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በእኛ ሙያ አንድ ሲስተም ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ይሄ ነገር ምንን ነው የሚከላከለው?» ብለን ነው። የሆቴሎች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም።

ከጎረቤት እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1980 የመጨረሻ ምሽት ናይሮቢ በሚገኘው ኖርፎክ ሆቴል ቦምብ ፈንድቶ 20 ያህል ሰው ሞተ። ቦምቡ የተቀመጠው ከምግብ አዳራሹ በላይ ባለ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉን የያዘው ተጠርጣሪ ተመዝግቦ ገብቷል፤ ቦምቡ ሲፈነዳ ግን ከአገር ወጥቷል።

እንግሊዝ ብራይተን ከተማ የሆነው ደግሞ ይብሳል። የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር አባል የነበረው ፓትሪክ ማጊ መስከረም 1984 እ.ኤ.አ. በሐሰት ስም ግራንድ ሆቴል ገብቶ በክፍል 629 መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባለ ረጅም ሰዓት ቆጣሪ ቦምብ ደበቀ። ከሦስት ሳምንት በላይ ማንም አላየውም። ጥቅምት 12 ሌሊት ፈንድቶ አምስት ሰው ገደለ፤ ማርጋሬት ታቸር ለጥቂት ተረፈች። ማጊ በኋላ የተያዘው እንዴት ይመስላችኋል? በእንግዳ መመዝገቢያ ካርዱ ላይ በቀረው የእጁ አሻራ ነው። ምዝገባው ገዳዩን አስያዘ እንጂ የሞቱትን አላዳነም።

ላስ ቬጋስ፣ 2017 እ.ኤ.አ.። አንድ እንግዳ ከ20 በላይ ሻንጣ ክፍሉ አስገብቶ፣ ከመስኮቱ ሆኖ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተኮሰ፤ 60 ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የሆቴሉ ሠራተኞች ከ10 ጊዜ በላይ አግኝተውታል ወይም ክፍሉ ገብተዋል። ችግሩ የክፍል ፍተሻ ማነስ አልነበረም። ሻንጣውን በር ላይ የከፈተ ሰው ነው የጠፋው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ፍርሃቱ ከመሬት የወጣ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጊዮን እና ዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች በቦምብ ተመትተዋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝም ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. መተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው በአንድ ጥቃት ተገድሏል። ይህን ያየ ክልል እንግዳን ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

ግን የእኛ ፍተሻ ከዕቃ ይልቅ ሰው ላይ ማተኮሩ የቆየ ልማድ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ሲያስፈትሽ (ያኔ «አሰሳ» ይሉት ነበር) የሚታደነው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የኢሕአፓ ሰውም ነበር። «ምን ይዘሃል?» ከሚለው ይልቅ «ማነህ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀንም።

«ማነህ?» ደግሞ በመተከል ዘመን ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ሰዎች በማንነታቸው ተለይተው ተገድለዋል። ብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ተጽፏል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የመጣው ፋይዳ ብሔር አይመዘግብም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ወጥቷል። ታዲያ የኔ ፎቶ ያ ስልክ ውስጥ እስከ መቼ ይቀመጣል? ስልኩ ቢሰረቅስ?

በር ላይ ሻንጣ መፈተሽ፣ ጥርጣሬ ሲኖር ክፍሉን ሠራተኛ ባለበት ማየት፣ የእንግዳውን መረጃ ቆልፎ መያዝ፤ እነዚህ እንግዳን ይጠብቃሉ። መታወቂያ ፎቶ ማንሳት ብቻውን የሚጠቅመው ከአደጋው በኋላ ለሚመጣው መርማሪ ነው።

ጠዋት ልከፍል ወረድኩ። ልጅቷ መልስ ልታመጣ ገባ አለች። የእንግዳ መዝገቡ ባንኮኒው ላይ እንደተከፈተ ነበር፤ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ የመጣበት ቦታ፣ ብሔር። ከኔ በላይ አምስት ሰዎች ተጽፈዋል። ክፍል 7 ውስጥ ማን ብቻውን እንደተኛ ሳልፈልግ አነበብኩ። መዝገቡን ዘጋሁትና ልጅቷን ጠበቅኩ።